«ሽፋን አለ፣ ኔትወርክ የለም»፦ የብሮድባንድ ተደራሽነትና የቴሌኮም ሠራተኛው ጥያቄ ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

ስለ ቴሌኮም ሽፋን መግለጫ በተሰጠ ቁጥር በሰሜን ሸዋ ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። መግለጫው የሞባይል አገልግሎት ከአገሪቱ ሕዝብ ከ95 በመቶ ለሚበልጠው ደርሷል ይላል። ከሞላሌ ወይም ከዓለም ከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ሰው ደግሞ በስልኩ ገንዘብ ለመላክ ኮረብታ መውጣት እንዳለበት ይናገራል፤ ነገሩንም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ይቋጨዋል። ሁለቱም ወገኖች እውነት ሊናገሩ የሚችሉበት ምክንያት ስላለ ክርክሩ በመወቃቀስ ብቻ አይፈታም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ። በውጭ አገራት የቴሌኮም ሠራተኞች ሥራ አቆሙ የሚል ዜና በተደጋጋሚ ይሰማል፤ በአገራችን ግን እንዲህ ያለ ነገር አይሰማም። ይህ የሆነው ቅሬታ ስለሌለ ነው ወይስ ሕጉ ስለማይፈቅድ? ብዙ ሰው ሁለቱን ጉዳዮች ለየብቻ ያያቸዋል፤ አንዱን የማማና የመሣሪያ፣ ሌላውን የደመወዝ ጉዳይ አድርጎ። ሆኖም ሽፋን የሚባለው ነገር በየዕለቱ በሰው እጅ እየተጠበቀ የሚኖር በመሆኑ፣ ጠባቂው በምን ሁኔታ እንደሚሠራ ሳያውቁ ስለ ሽፋን መናገር ግማሹን ብቻ መናገር ነው።

እዚህ ላይ ሰሜን ሸዋ የተባለው መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራ ክልል ዞን ነው፤ በኦሮሚያ ክልል ፍቼን መቀመጫው ያደረገው ሰሜን ሸዋ ዞን በዚህ ጽሑፍ አይነሣም።

ቁጥሩ ምን ይለካል?

ብሮድባንድ ማለት በአጭሩ ሁልጊዜ ክፍት የሆነና ፍጥነቱ ለዘመኑ አገልግሎት የሚበቃ የኢንተርኔት ግንኙነት ነው። «የሚበቃ» የሚለው ልክ ግን አንድ አይደለም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የመስመር ብሮድባንድን ሲቆጥር መነሻ የሚያደርገው 256 ኪሎቢት በሰከንድ ነው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2015 የማውረጃ ፍጥነት መለኪያውን 25 ሜጋቢት፣ በ2024 ደግሞ 100 ሜጋቢት በሰከንድ አድርጎታል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ወደ 400 እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ስለዚህ «ብሮድባንድ ደርሷል» የሚል ዓረፍተ ነገር የትኛውን ልክ እንደያዘ ካልተናገረ ብዙም አይነግረንም።

ሁለተኛው የግራ መጋባት ምንጭ መቶኛው ከምን ላይ እንደተሰላ አለመለየቱ ነው። የሕዝብ ሽፋን የሚባለው ምልክት በሚደርስበት አካባቢ የሚኖረውን ሕዝብ ይቆጥራል፤ የመልክዓ ምድር ሽፋን የሚባለው የመሬቱን ስፋት ይለካል። ሕዝብ በከተማና በመንገድ ዳር ሲሰባሰብ የመጀመሪያው ቁጥር ከሁለተኛው በጣም ይበልጣል። በዚያ ላይ ድምፅ ለማስተላለፍ የሚበቃው የ2ጂ ምልክትና ኢንተርኔት በወጉ የሚያስኬደው የ4ጂ ምልክት የተለያየ ስፋት አላቸው። የስሌት ሞዴል ያወጣው ሽፋንም ከቤት ውጭ ቆሞ ለሚደውል ሰው እንጂ በወፍራም የድንጋይ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ላይሆን ይችላል፤ የመንዝን የድንጋይ ቤት ያየ ሰው ልዩነቱን አይስተውም።

ይህ የቃል ጨዋታ የሚመስለው ነገር ከባድ ሙግት እንደሚያስነሣ የኒውዮርክ ከተማ ታሪክ ያሳያል። ቬራይዘን የተባለው የአሜሪካ የቴሌኮም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከከተማው ጋር በገባው ውል እስከ 2014 አጋማሽ ድረስ የፋይበር መስመሩ (መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ የቀጫጭን መስተዋት ክሮች ገመድ) በከተማዋ ያለውን እያንዳንዱን ቤት «እንዲያልፍ» ግዴታ ወሰደ። ቀኑ ሲደርስ ኩባንያው ግዴታዬን ተወጥቻለሁ አለ፤ ከተማው አልተወጣህም አለ። ጭቅጭቁ በአንድ ግሥ ላይ ነበር። ኩባንያው የድሮው የመዳብ መስመር በሚሄድበት መንገድ ፋይበሩን መውሰድ «ማለፍ» ነው ሲል፣ ከተማው መስመሩ በየሕንፃው ፊት መድረስ አለበት ብሎ ተከራከረ፤ በ2017 ክስ መሠረተ። ጉዳዩ በ2020 በስምምነት ሲዘጋ ኩባንያው ለተጨማሪ 500,000 ቤቶች መስመሩን ለማዳረስ ተስማማ። ትርጉሙ ቀድሞ በደንብ ቢጻፍ ኖሮ ብዙ ዓመት ባልባከነ ነበር።

የዞኑ መሬት

የሬዲዮ ሞገድ ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል፤ የሰሜን ሸዋ መሬት ግን ቀጥ ያለ አይደለም። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ገደሉን ወርደው ደብረ ሲናን አልፈው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። በምዕራብ በኩል የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች መርሐቤቴን፣ ሚዳን፣ ሞረትና ጅሩንና መንዝን እየከፋፈሉ ይወርዳሉ። ጫፍ ላይ የተተከለ ማማ በሩቁ ያለውን አምባ አጥርቶ ሲያይ፣ ከሥሩ ገደል ውስጥ ያለው መንደር ጥላ ውስጥ ይቀራል። እንደ 900 ሜጋኸርዝ ያሉ ዝቅተኛ ድግግሞሾች ራቅ ብለው ይደርሳሉ፤ እንደ 2,600 ሜጋኸርዝ ያሉት ብዙ መረጃ ይሸከማሉ ግን ቶሎ ይደክማሉ። በመሆኑም ሜዳማ በሆነው ምንጃር አንድ ማማ የሚሸፍነውን ያህል ስፋት በገደላማው አንኮበር ለመሸፈን ብዙ ማማ ይፈልጋል፤ በእያንዳንዱ ማማ ሥር የሚኖረው ደንበኛ ደግሞ ጥቂት ነው። ባለሀብት ገንዘቡን ወዴት እንደሚያዞር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ማማው ብቻውን አይበቃም። እያንዳንዱ ሳይት (የማማውና የመሣሪያው ቦታ) ከዋናው አውታር ጋር የሚገናኝበት መስመር ያስፈልገዋል። ይህ በዋና መንገድ ዳር በሚቀበር ፋይበር፣ መንገድ በሌለበት ደግሞ ፊት ለፊት በሚተያዩ ክብ አንቴናዎች፣ ማለትም በማይክሮዌቭ ይሆናል። በማይክሮዌቭ የተያያዙ ሳይቶች እንደ ሰንሰለት ስለሆኑ አንዱ ሲጠፋ ከእሱ ወዲያ ያሉት ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። ስልኩ ላይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔቱ የማይንቀሳቀስበት የተለመደ ቅሬታም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል፤ ከስልኩ እስከ ማማው ያለው ግንኙነት ደህና ነው፣ ከማማው ወዲያ ያለው መስመር ግን ጠቧል ወይም በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው ሰው በዝቷል። ይህን የሽፋን ካርታ አያሳየውም።

ከሁሉም በላይ ግን መብራት አለ። መብራት ሲጠፋ ሳይቱ በባትሪ ለሰዓታት ይቆያል፤ ከዚያ ጄኔሬተር ይነሣል። ለጄኔሬተሩ ናፍጣ በመኪና ጭኖ፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ መንገዱ የፈቀደለትን ያህል ተጉዞ የሚያደርሰው ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የአገልግሎት መቋረጥ ሁሉ የቴክኒክ ብልሽት አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተጣለው የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጥ ለረጅም ወራት የቆየ ነበር፤ ማማዎቹ በሽፋን ቁጥር ውስጥ ተቆጥረው እንዳሉ ሕዝቡ ያለ አገልግሎት ከርሟል። ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሆነ ትራንስፖርትና ዋጋ በስልክ ለሚያጣራው የእነዋሪ ነጋዴ የሽፋን ትርጉም ይህንንም ይጨምራል።

በጣርማበር ዳገት ላይ የተቆረጠ መስመር

የቴሌኮም ሥራን ከሩቅ ለሚያየው ሁሉም ነገር በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ይመስላል። በመንገድ ሥራ ላይ ያለ ኤክስካቫተር የተቀበረ ፋይበር ሲበጥስ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይህን ግምት ያስተካክላል።

መጀመሪያ ከአንዱ ጫፍ የብርሃን ምት በመስመሩ ይላካል፤ ብርሃኑ ተመልሶ እስኪመጣ ከወሰደበት ጊዜ መሣሪያው ብልሽቱ ያለበትን ርቀት ያሰላል። ነገር ግን መሣሪያው የሚናገረው የገመዱን ርዝመት እንጂ የመንገዱን አይደለም። ገመዱ ሲዘረጋ ለወደፊት ጥገና ተብሎ በየጉድጓዱ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ትርፍ አለ፤ ትርፉ የት የት እንዳለና ስንት ሜትር እንደሆነ የሚያውቅ ቴክኒሻን በቀጥታ ወደ ቦታው ይሄዳል፤ የማያውቅ ግን ዳገቱን ሲቆፍር ይውላል። ይህ እውቀት በካርታ ላይ ሊጻፍ ይገባል፤ በተግባር ግን መስመሩን ራሱ በዘረጋው ወይም ለዓመታት በጠገነው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ይገኛል።

ከዚያ የጣት ሥራው ይጀምራል። አንዲት የፋይበር ክር ውፍረቷ 125 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር ስምንተኛ ነው፤ ብርሃኑ የሚሄድበት የውስጥ እምብርት 9 ማይክሮን አካባቢ ብቻ ነው። ቴክኒሻኑ መሸፈኛዋን ይልጣል፣ በአልኮል ይጠርጋል፣ ጫፏን ፍጹም ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፣ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በብየዳ ማሽኑ ውስጥ አፍ ለአፍ አግጥሞ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ያቀልጣቸዋል። ቅንጣት አቧራ ወይም የጤዛ ጠብታ ካረፈባት ብየዳው ይበላሻል፤ እንደገና መጀመር ነው። አንድ ገመድ በርካታ አሥር ክሮች ሊይዝ ይችላል፤ እያንዳንዷ በቀለሟ ከባልንጀራዋ ጋር መገናኘት አለባት። በጣርማበር ጉም ውስጥ፣ ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ፣ ሌሊት በባትሪ መብራት ይህን መሥራት ምን ማለት እንደሆነ አካባቢውን የሚያውቅ አንባቢ ይረዳዋል። ከዳገቱ ወዲያ ያሉት ከተሞች ባንክ፣ ቴሌብርና ጤና ጣቢያ እስከዚያ ድረስ በአማራጭ መስመር ይሄዳሉ፤ አማራጭ ከሌለ ይቆማሉ።

ሠራተኛው የማን ነው?

ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ሁሉ የአንድ ቀጣሪ አይደሉም። በቴሌኮም ኢንዱስትሪ ውስጥ የኦፕሬተሩ፣ ማለትም አገልግሎቱን ለደንበኛ የሚሸጠው ኩባንያ፣ ቋሚ ሠራተኞች አሉ፤ መሣሪያ አቅራቢው ኩባንያ ሥራ የሰጣቸው ንዑስ ተቋራጮች የቀጠሯቸው አሉ፤ በኤጀንሲ በኩል የሚቀርቡ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች አሉ፤ ሲም ካርድ በኮሚሽን የሚሸጡ አሉ። ሥራን ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ የመስጠት አሠራር፣ በተለምዶ አውትሶርስ የሚባለው፣ በዓለም ሁሉ ያለ ነው። የሚደግፉት ወገኖች የማማ ተከላ ሲበዛ ሰው ለመጨመር፣ ሲቀንስ ለመቀነስ ያስችላል፤ ኩባንያውም በዋና ሥራው ላይ ያተኩራል ይላሉ። በተከላ ወቅት ይህ ክርክር ሚዛን ይደፋል። በጥገና ላይ ግን የሚያሳምን አይመስለኝም፤ ምክንያቱም የጥገና ዋና ሀብት ከላይ የተነገረው የቦታ እውቀት ነው፤ በየዓመቱ ተቋራጭ ሲቀየር እውቀቱም አብሮ ይሄዳል።

በሠራተኛው በኩል ሲታይ ጉዳዩ የመደራደር አቅም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ10 በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ማኅበር ማቋቋምን ይፈቅዳል። ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነት ይፈራረማል፤ ይህም ከሕጉ ዝቅተኛ ልክ በላይ ያሉ የደመወዝ፣ የአበልና የደኅንነት ሁኔታዎችን የሚወስን ውል ነው። በዚህ ማማ ሥር አምስት፣ በዚያ ወረዳ ስድስት ሆነው ለተለያዩ ትናንሽ ተቋራጮች የሚሠሩ ሰዎች ግን ለመሰባሰብ ይቸገራሉ፤ ቢሰባሰቡም የሚደራደሩት የዋጋ ውሳኔ በእጁ ከሌለ ቀጣሪ ጋር ነው። ማማ ላይ የሚወጣ ሰው የደኅንነት ቀበቶ የማን ኃላፊነት ነው የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የሚያጣው በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ነው።

የአገራችን የቅርብ ታሪክም በሠራተኛው ልብ ውስጥ ትቶት ያለፈው ነገር አለ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኅዳር 2003 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም ሆኖ እንደ አዲስ ሲቋቋምና አስተዳደሩ በውል ለፍራንስ ቴሌኮም ሲሰጥ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የኮርፖሬሽኑ ሠራተኞች በአዲሱ መዋቅር ቦታ አላገኙም። ውሳኔውን የደገፉ ወገኖች ድርጅቱ ዘመናዊ አሠራር እንዲይዝ አስፈላጊ ነበር ብለዋል፤ የተቃወሙት ደግሞ የምደባው መመዘኛ ግልጽ አልነበረም ብለዋል። ያኔ ያልተመዘነው የሚመስለኝ፣ ከነባር ሠራተኞች ጋር ከድርጅቱ የወጣው የመስመር እውቀት ነው።

የሥራ ማቆም ለምን ተከለከለ?

ሕጉ በአጠቃላይ የሥራ ማቆምን ይፈቅዳል፤ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መስጠትን፣ ልዩነቱን በድርድር ለመፍታት መሞከርንና የአባላትን የድምፅ ድጋፍ ግን ቅድመ ሁኔታ ያደርጋል። ይህ መብት ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ ናቸው ተብለው በተዘረዘሩ አገልግሎቶች ለሚሠሩት አልተሰጠም። ዝርዝሩ የአየር ትራንስፖርትን፣ የመብራትና የውኃ አገልግሎትን፣ ሆስፒታልን፣ የእሳት አደጋ መከላከያን ይዞ ቴሌኮሙኒኬሽንንም ያካትታል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377ም እንዲሁ ነበር። ስለዚህ በመግቢያው ላይ ስለ ሥራ ማቆም የተነሣው ጥያቄ መልስ ግልጽ ነው፤ የቴሌኮም ሠራተኛ ቅሬታ ቢኖረውም ሥራ በማቆም ሊገልጸው ሕጉ አይፈቅድለትም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም ሥራ ያቆሙ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ለእስር መዳረጋቸው ክልከላው በወረቀት ላይ ብቻ እንዳልሆነ አሳይቷል።

ክልከላው የኢትዮጵያ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የማኅበር ነፃነት ኮሚቴም የስልክ አገልግሎትን መቋረጡ የሰው ሕይወትና ደኅንነት ላይ አደጋ ሊያደርስ ከሚችል አስፈላጊ አገልግሎት ይቆጥረዋል። ምጥ የያዛት እናት ከጓሳ ሥር ካለ ቀበሌ አምቡላንስ የምትጠራው በስልክ ነው፤ ይህ ክርክር ክብደት አለው። ኮሚቴው ግን አንድ ነገር ይጨምራል፦ ሥራ የማቆም መብቱን ለተነፈገ ሠራተኛ ገለልተኛና ፈጣን የሆነ፣ ውሳኔውም የሚፈጸም የግልግል ሥርዓት ሊሰጠው ይገባል። ኢትዮጵያ የማኅበር ነፃነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን ሁለቱን የድርጅቱን ስምምነቶች፣ ቁጥር 87ንና 98ን፣ ያጸደቀችው በ1955 ዓ.ም ስለሆነ ይህ አስተያየት ለእኛም ሩቅ አይደለም።

በእኛ ሕግ ይህን ቦታ የያዘው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ነው፤ በእነዚህ አገልግሎቶች የሚነሣ የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ክርክርም ወደ ጊዜያዊ ቦርድ ይመራል። የማኅበራት ወገን የሚለው፣ የመጨረሻው መሣሪያ ከእጁ የተወሰደበት ተደራዳሪ ቦርዱ በዘገየ ቁጥር ይከስራል፤ ኑሮ ይወደዳል፣ አሠሪው ግን የሚያጣው ነገር የለም። የአሠሪ ወገን የሚለው ደግሞ፣ በአንድ ቀን መቋረጥ የሚደርሰው ኪሣራ ከማንኛውም የደመወዝ ልዩነት ስለሚበልጥ ኅብረተሰቡ የሌሎች ክርክር መያዣ መሆን የለበትም። በእኔ ግምት ክልከላው ራሱ ከሚያከራክረው ይልቅ ስፋቱ ይበልጥ ያከራክራል። የዋናውን አውታር መቆጣጠሪያ የሚጠብቀው ባለሙያና በሽያጭ ማዕከል ሲም የሚሸጠው ሠራተኛ በአንድ ቃል ታስረዋል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 146 የመረጠችው መንገድ የተለየ ነው፤ ሥራ ማቆም ይቻላል፣ ሕዝቡ ፈጽሞ ሊያጣው የማይገባው ዝቅተኛ አገልግሎት ግን ይቀጥላል።

የሥራ ማቆም በተፈቀደበት አገር

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ወደ 40,000 የሚጠጉ የቬራይዘን የመስመር አገልግሎት ሠራተኞች ከስድስት ሳምንት በላይ ሥራ አቁመዋል። ከጥያቄዎቻቸው መካከል ሥራን ለተቋራጭ ማሳለፍ እንዲገታ፣ የጥሪ ማዕከላት እንዳይዘጉ፣ ቴክኒሻኖችም ከቤታቸው ርቀው እስከ ሁለት ወር እንዲሠሩ የሚያደርገው ሐሳብ እንዲቀር የሚሉ ነበሩ። ማኅበራቸው ኩባንያው ፋይበር ለማዳረስ የገባውን ቃል አለመጠበቁንም የክርክሩ አካል አድርጎት ነበር፤ ያ ከላይ የተነሣው የኒውዮርክ ጭቅጭቅ ነው። ሠራተኛው ለራሱ ሥራ፣ ነዋሪው ለራሱ መስመር ሲከራከሩ አንድ ላይ ተገናኙ። በስምምነቱ ለተቋራጭ ተላልፎ ከነበረው ሥራ የተወሰነው ተመለሰ፤ ከ1,000 በላይ የጥሪ ማዕከል ሥራዎችም ተፈጠሩ።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ወደ 17,000 የሚሆኑ የኤቲ ኤንድ ቲ ሠራተኞች ለ30 ቀን ሥራ አቁመው ነበር። በሁለቱም ጊዜ አውታሩ ወዲያው አልወደቀም፤ የቆየው የአዲስ መስመር ተከላና የብልሽት ጥገና ነው። በቂ አማራጭ መስመርና ተተኪ ሰው ባለበት አገር የሆነው ይህ ነው፤ በአንድ የፋይበር መስመር በተንጠለጠለ ወረዳ ግን ውጤቱ የከፋ ሊሆን እንደሚችል መቀበል ያስፈልጋል።

ከውድድሩ ጋር የሚመጣው

የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ገበያውን ለውድድር ከፍቶ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሟል። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ2013 ዓ.ም በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አግኝቶ መስከረም 2015 ዓ.ም በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። ኢትዮ ቴሌኮም በበኩሉ ጥቅምት 2017 ዓ.ም የ10 በመቶ ድርሻውን በአክሲዮን ለሕዝብ ለሽያጭ አቀረበ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ከውጭ የሚመጣው የማማ መሣሪያ፣ ባትሪና ገመድ በብር ሲሰላ እጅግ ተወድዷል።

እነዚህ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋሉ። አክሲዮን የገዛው ሰው ትርፍ ይጠብቃል፤ ተወዳዳሪው ደንበኛ ወደሚበዛበት ይሄዳል፤ የመሣሪያ ዋጋን መቀነስ ያልቻለ ኩባንያ ሊቀንስ የሚችለው ወጪ የሰው ጉልበትን ነው። ውድድሩ ለደብረ ብርሃን፣ ለሸዋ ሮቢትና ለአረርቲ ዋጋና ፍጥነት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ልምድ ያለው ቴክኒሻንም የሚቀጥረው ሁለት ኩባንያ ስላገኘ ደመወዙ ሊሻሻል ይችላል፤ ይህ ግን የሚሆነው ሥራው ባለበት ከተማ ነው። ለገሼ ራቤልና ለመንዝ ቀያ ገብርኤል ገደል ሥር ቀበሌዎች ገበያው ብቻውን የሚያመጣው ነገር ጥቂት ነው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው በፈቃድ ግዴታ የሚጫን ሽፋን፣ ማማን በጋራ የመጠቀም ስምምነትና የሁለንተናዊ ተደራሽነት ድጎማ ነው፤ ሁለንተናዊ ተደራሽነት ማለት ትርፍ ባይኖረውም አገልግሎቱ ለሁሉም እንዲደርስ መንግሥትና ኦፕሬተሮች ወጪውን የሚጋሩበት አሠራር ነው።

ግዴታው ሲጻፍ ከመቶኛው ጎን ሁለት ተጨማሪ ቁጥሮች ቢገቡ ብዙው ክርክር መልክ ይይዛል፦ አንድ ሳይት በወር ስንት ሰዓት ከአገልግሎት ውጭ እንደነበረ፣ የሚጠግነው ቡድንም መነሻው ከሳይቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ። የመጀመሪያው የነዋሪውን ቅሬታ ይለካል። ሁለተኛው ደግሞ የኅብረት ስምምነት ጉዳይ ነው፤ በመሐል ሜዳ የሚኖር ሦስት ሰው ያለው ቡድን ይኑር ወይስ ከደብረ ብርሃን በቀን አበል ይላክ የሚለው ውሳኔ የአበል፣ የመኖሪያና የመኪና ወጪን ይዞ ወደ ድርድር ጠረጴዛ ይመጣል። አሁን በመቶኛ በሚነገረው ሽፋን ውስጥ ግን ከሁለቱ አንዱም የለም።